ያልተነቃነቀው ግድግዳ

ሰፈሩ ሁሉ ቱንቢ ነበር የሚለው። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቁት ሚስቱና የጥምቀት መዝገቡ ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። ቅጽል ስሙ የወጣለት ገና በሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። የአንድ ነጋዴ አጥር ተገንብቶ አልቆ ባለቤቱ ሊረከብ ሲል፣ እሱ ቱንቢውን አንጠልጥሎ ቢለካው ግንቡ ሁለት ጣት ያህል ወደ መንገዱ አዘንብሏል። ያዘነበለው ወገን የሱ ሥራ አልነበረም፤ አብሮት የሚገነባው ጓደኛው ነው የሠራው። ቢሆንም "እኔ ባለሁበት ጠማማ አይቆምም" ብሎ መዶሻውን አነሣና ናደው። ነጋዴው ጮኸ፣ ጓደኛው እጅጌውን ሰብስቦ ለጠብ ተነሣ፤ እሱ ግን አንዴ እንኳ ቀና ብሎ ሳያያቸው ከመሠረቱ ጀምሮ እንደገና ገነባው። ከዚያ ወዲህ ቱንቢ ተባለ፤ ጸጉሩ ሲሸብት ደግሞ ጋሼ ቱንቢ።

ቁጡ ነው። ለጠማማ ግንብ፣ ለጠማማ ወሬ፣ ለተንጋደደ ወንበር ሳይቀር ይቆጣል። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ጎረቤቶቿን ስታስቅ፣ "የኔ ባል እንደ ኖራ ነው፤ ውሃ ጠብ ሲልበት ይፈላል፤ ከበረደ በኋላ ግን ቤት ይሠራበታል" ትላለች። ሠላሳ ስምንት ዓመት አብራው ስትኖር መቼ እንደሚፈላ፣ መቼ እንደሚበርድ ከእግሩ ኮቴ ትለየው ነበር።

ጋሼ ቱንቢ ከሕንጻ ሁሉ አብልጦ የሚወደው ከገበያው መንገድ በላይ የቆመውን የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ድንጋዩን ከጠረቡት ሰዎች አንዱ አባቱ ነው። ግድግዳው ክንድ ተኩል ይወፍራል። ግራና ቀኝ የተደረደሩት አሥራ ሁለት ዓምዶች ከፍ ያለውን ቅስት ተሸክመው እስከ መሠዊያው ይዘልቃሉ። መሠዊያው ላይ አባቱ በመሮ ያወጣው የወይን ሐረግ አለ፤ የቅጠሉ ጅማት እንኳ ሳይቀር ይታያል። ሕዝቡ "አሜን" ሲል ድምፁ ወደ ቅስቱ ወጥቶ፣ እዚያ ትንሽ ቆይቶ፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። እዚያ ተጠመቀ፣ እዚያ አገባ፣ እናቱን ከዚያ አውጥቶ ቀበረ። አርባ ዓመት ሙሉ ድንጋይ ሲላላ የሚያጠብቀው፣ ጣሪያ ሲያፈስ መሰላል አቁሞ የሚወጣው እሱ ነው። እሑድ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ከስብከቱ ይልቅ ሐረጉን ሲያይ ያረፍድ እንደነበር ራሱም አይክድም።

ከዚያ የቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪ የሚሆኑት አዲሱ ቆሞስ መጡ። አባ አርባ ዓመት አልሞላቸውም። ፈጣን፣ ተጫዋች፣ የታመመ ጠያቂ ናቸው፤ ማንም ክፉ አይላቸውም። ነገር ግን ገና ከመምጣታቸው ቤተ ክርስቲያኑ ጠበባቸው። እሑድ እሑድ ግማሹ ሰው ውጭ ይቆማል፣ ዝናብ ይመታዋል፤ ውስጥ ከገባውም ብዙው ከዓምዶቹ ኋላ ተወሽቆ መሠዊያውን አያይም። "ሕዝቤ ድንጋይ እያየ ነው የሚጸልየው" ይሉ ነበር። ጋሼ ቱንቢ ይህን ሲሰማ "ድንጋዩ ምን አደረጋቸው?" ብሎ አጉረመረመና ተወው።

ክረምት ሲወጣ በሰሜኑ ግድግዳ ላይ፣ በውጭ በኩል፣ ስንጥቅ ታየ። ከመስኮቱ ጥግ ተነሥቶ፣ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ፣ እስከ መሠረቱ ይወርዳል። ሰው ደነገጠ፤ አባም አርክቴክት አስመጡ። ጋሼ ቱንቢ በራሱ መንገድ አየው። መሰላል ላይ ሲወጣ አሸንዳው በቅጠልና በርግብ ጎጆ ተደፍኗል። ውሃው መውረጃ ሲያጣ የግድግዳውን እግር ሲያረጥብ ኖሯል። አሸንዳውን ጠረገ፤ ውሃው ራቅ ብሎ የሚሄድበት ቦይ ቆፈረ። ከዚያ ሦስት ቀጫጭን መስታወት ቆርጦ በስንጥቁ ላይ አጋደመና ጫፍና ጫፋቸውን በጀሶ አጣበቀ፤ ጀሶው ሳይደርቅ በምስማር ቀኑን ጻፈበት። የቆየ ግንበኛ ሁሉ የሚያውቀው ዘዴ ነው፤ ግድግዳው የፀጉር ያህል እንኳ ከተነቃነቀ መስታወቱ ይሰበራል። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እየሄደ ያያል። አንድ ወር፣ ስድስት ወር፣ ዓመት አለፈ። ሌላ ክረምት መጣና ሄደ። ሦስቱም መስታወቶች እንዳሉ ናቸው።

በዚያው ሰሞን ምእመናኑ እዚያው ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ለስብሰባ ተጠሩ። የቁምስናው ምክር ቤት ሰብሳቢ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ከያዙት ወረቀት አነበቡ።

"ባለሙያዎች አጥንተዋል። እንዲህ ይላል፤ 'ስንጥቅ ያለበት ግድግዳ ለሕዝቡ ደህንነት ያሰጋል።' ስለዚህ ይህ ሕንጻ ፈርሶ በምትኩ አዲስ እንዲሠራ ምክር ቤቱ ሐሳብ ያቀርባል።"

ከዚያ የአዲሱን ሥዕል በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ አበሩት። ነጭ፣ ዝቅ ያለ፣ ጣሪያው ጠፍጣፋ፣ አንድ ወገኑ ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው። ዓምድ የለውም። መሠዊያው መሀል ላይ ነው፤ ወንበሮቹ ዙሪያውን ከበውታል።

"ይሄ ቤተ ክርስቲያን ነው የመኪና መሸጫ?" አለ ጋሼ ቱንቢ ከፊት ወንበር ብድግ ብሎ። ሰው ሳቀ። እሱ ግን አልሳቀም። "ግድግዳው አልተነቃነቀም። ዓመት ሙሉ መስታወት ለጥፌ ጠብቄዋለሁ። አርባ እርምጃ ነው፤ ኑ ውጡና እዩት!"

ማንም ከመቀመጫው አልተነሣም። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ። "ጋሼ ቱንቢ፣ የእርስዎ ቁራጭ መስታወት ከተማረ ሰው ጥናት ይበልጣል ነው የሚሉኝ?"

ጋሼ ቱንቢ አባን አያቸው። አባ የጫማቸውን ጫፍ እያዩ ነበር።

ድምፅ ተሰጠ። "ይፍረስ የምትሉ?" ሲባል እንደ ጫካ እጅ ተነሣ። ጋሼ ቱንቢ ዘወር ብሎ አንድ በአንድ አያቸው፤ ሥጋ ሻጩን፣ አዋላጇን፣ ቤታቸውን በገዛ እጁ የሠራላቸውን ሰዎች። ከስድስተኛው ዓምድ ኋላ አንዲት እጅ ብቻዋን ወጥታ ትታያለች፤ የእጇን ባለቤት ዓምዱ ከልሏታል። እጇን ግን ያውቃታል፤ አመልካች ጣቷ ላይ የልብስ ሰፊ መርፌ መከላከያ አለ። ሚስቱ ናት።

ወደ ቤት ሲሄዱ ሃያ እርምጃ ቀድሟት ሄደ። በሩ ሲዘጋ ፈነዳ።

"አንቺም? አንቺም ከነሱ ጋር?"

"ይወድቃል አሉና! የልጅ ልጆቻችን እዚያ ግድግዳ ሥር ነው የሚቀመጡት። ቢናድባቸውስ?"

"አይናድም እያልኩሽ! ባልሽ ግንበኛ ነው! አርባ ዓመት!"

"ስለምትወደው ነዋ አይናድም የምትለው" አለች። "የሚወዱትን ነገር ይሞታል የሚል ማን አለ?"

ይህ ከሰብሳቢው ንቀት የባሰ አንጀቱን አሳረረው። ሙያዬን ሰደበችብኝ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የስፌት መኪናዋ ድምፅ ብቻ ሆነ። ምግብ ታቀርባለች፣ ይበላል፣ ይወጣል። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የነዚያ ሦስት ሳምንታት ዝምታ ግን ነቅዟል። ሥራ ቦታም ከሰው አልስማማ አለ። አንድ ወጣት ግንበኛ ውሃ ልኩን ያለ ጥንቃቄ ስላስቀመጠ ብቻ ከሥራው ሊያባርረው ነበር።

በመጨረሻ ከግድግዳው አንዱን መስታወት ከነጀሶው ፈልፍሎ በጋዜጣ ጠቀለለና ስንጥቁን ወዳጠናችው አርክቴክት ቢሮ ሄደ። ቢሮው ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ ነው፤ መደርደሪያው በካርቶን በተሠሩ ትናንሽ ቤቶች ተሞልቷል። አርክቴክቷ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። እጇ በሙጫ ተጨማልቆ ነበር።

"ግድግዳው ይወድቃል ብለሽ የጻፍሽው አንቺ ነሽ?" አላት፣ ገና ቁጭ ሳይል።

"እንደዚያ አልጻፍኩም፣ ጋሼ።"

"በሕዝብ ፊት ተነቧል!"

ጋዜጣውን ፈትቶ መስታወቱን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠ። አየችውና ፈገግ አለች። "እነዚህን የለጠፉት እርስዎ ነዎት? ማን እንደሆነ ጠይቄ የሚነግረኝ አጥቼ ነበር።" መሳቢያዋን ከፍታ ጥናቱን አወጣችና ሦስተኛውን ገጽ አዙራ ሰጠችው። ጋሼ ቱንቢ ፊደል በፊደል እየለቀመ አነበበው። ስንጥቁ የቆየ ነው፤ ያመጣው ውሃ ነው፤ አሁን እንቅስቃሴ የለም፤ ለዚህም ቀደም ሲል በባለሙያ የተለጠፉት መስታወቶች ማስረጃ ናቸው ይላል። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለሰ። ሰብሳቢው ያነበቡት ዓረፍተ ነገር እዚያ አለ፤ ግን ሙሉው እንዲህ ነው፤ "ስንጥቅ ያለበት ግድግዳ *ካልተጠገነ* ለሕዝቡ ደህንነት ያሰጋል።"

አንዲት ቃል ነች የጎደለችው። ጋሼ ቱንቢ ጣቱን እሷ ላይ አኖረ። አርክቴክቷም ጎንበስ ብላ አየችና ፊቷ ተለዋወጠ።

"ይህን ቃል ዘለሉት?"

"ዘለሉት።"

"እኔ አላወቅሁም" አለች። "አዲሱን የሣልኩት እኔ ነኝ፣ እወደዋለሁም። ግን በውሸት እንዲሠራልኝ አልፈልግም።"

"እንዴት ትወጅዋለሽ ያንን ሣጥን?"

"ሰው ከሰው ጋር ፊት ለፊት ይተያይበታል፣ ጋሼ። መሠዊያው ለሁሉም እኩል ይቀርባል። የእናንተው ውብ ነው፤ ግን የተሠራው ለመቶ ሰው ነው። ከኋላ ላለው ሰው ጀርባና ድንጋይ ነው የሚያሳየው።"

"ድንጋይ ቢያረጅ ያምርበታል። አርማታ አያረጅም፤ ይበሰብሳል። በሃያ ዓመት ብረቱ ዝጎ ሲወጣ እኔ አልኖርም፣ አንቺ ግን ታይዋለሽ።"

አንድ ሰዓት ያህል ተጨቃጨቁ። እሷ አልለቀቀችም፣ እሱም አልለቀቀም። ሲወጣ ግን የጥናቱን ቅጂ ማኅተም መትታ ሰጠችው።

ከዚያ በቀጥታ አባ ዘንድ ገባ። አባ ቢሯቸው ውስጥ የሠርግ ወረቀት ይሞላሉ።

"አንዲት ቃል ሰርቃችኋል!" አለ፣ ወረቀቱን ፊታቸው እየዘረጋ።

አባ አዩት። ማንበብ እንኳ አላስፈለጋቸውም፤ ያውቁታል። "ያነበቡት ሰብሳቢው ናቸው..."

"እርስዎ አጠገባቸው ተቀምጠው ነበር!"

አባ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። "እውነት ነው፣ ጋሼ ቱንቢ። አውቃለሁ። ግን አዲስ ያስፈልገናል ብዬ ብቻ ብናገር ሕዝቡ እሺ የሚል ይመስልዎታል? እናቶች ውጭ ዝናብ ላይ ሕፃን ታቅፈው ሲያስቀድሱ እያየሁ ሌላ ሃያ ዓመት ልጠብቅ?"

"ታዲያ እንደዚያ ይበሉዋ!" ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው፤ የሠርጉ ወረቀቶች መሬት ተበተኑ። "ሊበሏት የፈለጓትን አሞራ ጅግራ ናት ይሏታል! አዲስ አማረኝ ይበሉ፣ ጠበበኝ ይበሉ፣ አስጠላኝ ይበሉ! የአባቴን ግድግዳ ግን በሐሰት አይክሰሱት። እሱ አፍ የለውም። እኔ ሞኝ ተብዬ በሕዝብ ፊት ተሳቀብኝ፤ ሚስቴ ፈርታ እጇን አነሣች፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ አላናገርኳትም! ለምን? ለአንዲት ቃል! ሰው በየሳምንቱ ኃጢአቱን እርስዎ ጆሮ ላይ ያራግፋል፤ እርስዎስ የማን ጆሮ ላይ ነው የሚናገሩት?"

አባ ጎንበስ ብለው ወረቀቱን መልቀም ጀመሩ። ሲጨርሱ ቀና አሉና "እሑድ" አሉ። "በሕዝቡ ፊት።"

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባ ከመሠዊያው ፊት ቆመው ሳያድበሰብሱ ተናገሩ። ግድግዳው ደህና እንደሆነ፣ ይህንንም ያውቁ እንደነበር፣ ዝም ማለታቸው ውሸት እንደሆነ፣ ጋሼ ቱንቢ ትክክል እንደነበረ። ሰብሳቢው መነጽራቸውን ደጋግመው ይጠርጉ ነበር። ቤቱ በጩኸት ተናጋ። አንዱ ሽማግሌ "እኛን እንደ ሕፃን!" እያሉ ዱላቸውን ወለሉ ላይ ደበደቡ። አባ ጩኸቱ እስኪያልፍ ጠበቁና፣ "አሁን እውነቱን አውቃችኋል። እኔ አሁንም አዲሱን እፈልጋለሁ። አሮጌውን ጠግነን መኖርም እንችላለን። እናንተ ወስኑ" አሉ።

ጋሼ ቱንቢ አለቀ ደቀቀ አለ በልቡ። አሸነፍኩ ብሎ ነበር።

ያኔ ሚስቱ ከስድስተኛው ዓምድ ኋላ ዓምዱን ተደግፋ ተነሣች። በሕዝብ ፊት ተናግራ አታውቅም።

"የስፌት መኪና ሲረግጥ የኖረ ጉልበት ደረጃ አይወጣም" አለች። "ከታመምኩ ወዲህ በጎን በር ገብቼ እዚህ ነው የምቀመጠው። አሥራ አንድ ዓመት ቅዱስ ቁርባን ከፍ ሲል አይቼ አላውቅም። ቃጭሉን ሰምቼ ነው ራሴን የምደፋው። ይህን ዓምድ ያቆሙት አማቴ ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እኔን ግን አላሰቡኝም።" ጥቂት ሰው ሳቀ። እሷ ግን ባሏን ፈልጋ አየችው። "ባለፈው ጊዜ ፈርቼ ነው። ተዋሽቶብኝ ነበር፤ ያ ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። ዛሬ ሳልፈራ ነው እጄን የማነሣው።"

ለአሮጌው ሰባ አራት፣ ለአዲሱ መቶ ሠላሳ።

ጋሼ ቱንቢ የሚጮህበት ሰው አጣ። እውነት ይነገር አለ፤ ተነገረ። ሕዝብ ይወስን ተባለ፤ ወሰነ። ቁጣው ግን አልቀነሰም፤ መውጫ አጥቶ ደረቱ ውስጥ ተቀመጠ። ከሁሉ የባሰው የሚስቱ ነገር ነበር። አሥራ አንድ ዓመት እሱ ከፊት ተቀምጦ የአባቱን ሐረግ ሲያይ እሷ ዓምድ ስታይ ኖራለች፤ አንድ ቀን "ከዚያ ይታይሻል ወይ?" ብሎ አልጠየቃትም። እሷም አልነገረችውም። ለምን አልነገርሽኝም ቢላት፣ "ስትገነባ እንጂ ስትሰማ መቼ አግኝቼህ" አለችው። በዚህም ተናደደ፤ እውነት ስለሆነ ይበልጥ ተናደደ።

ማፍረሻ ኤክስካቫተር ሊመጣ መሆኑን ሲሰማ አባ ዘንድ ሄዶ፣ "ማሽን አይነካውም። የገነባው እጅ ነው፣ የሚያወርደውም እጅ ይሆናል" አለ። ስድስት ግንበኞች ሰብስቦ ከላይ ወደ ታች ድንጋይ በድንጋይ አወረደው። ሰባት ሳምንት ፈጀ። የሰሜኑ ግድግዳ አስቸገራቸው፤ ይወድቃል የተባለው ግድግዳ ሁለት መሮ ሰበረ። አንዱ ግንበኛ ላቡን እየጠረገ "ይሄን ነው አሉ የሚናደው?" ሲል፣ ጋሼ ቱንቢ ሦስተኛ መሮ አቀበለው።

አባ አንድ ጠዋት አሮጌ ሱሪ ለብሰው ድንጋይ ሊሸከሙ መጡ። ጋሼ ቱንቢ ሰላምታ አልሰጣቸውም። አባ ጎንበስ ብለው አንዲት መለስተኛ ድንጋይ ሲያነሡ ግን "ያችን አይደለም፤ ትልቋን" አላቸው። አባም ትልቋን አነሡ፤ እስከ ማታም ሌላ ትንሽ ድንጋይ አልነኩም።

ሐረግ የተቀረጸበትን መሠዊያ አርክቴክቷ አዲሱ ግድግዳ ላይ ለመታሰቢያ ልትለጥፈው አስባ ነበር። "እንደ ሟች ፎቶ አትስቀይው!" ብሎ ጮኸባት። "መሠዊያ ነው፤ ይቀደስበት።" ከሰፈሩ ራቅ ብሎ ከተራራ ሥር መሠዊያ የሌላት አንዲት ትንሽ ጸሎት ቤት ነበረች፤ በጭድ ጠቅልሎ፣ ከመኪናው ኋላ ራሱ አብሮት ተቀምጦ፣ ወስዶ እዚያ አቆመው። የግድግዳውን ድንጋይ ደግሞ የአዲሱ መሠረት ውስጥ ካልገባ ብሎ ድርቅ አለ። ማንም አያየውም ሲሉት "ለመታየት አይደለም፤ ሥራ ይሰጠው" አለ። ገባ።

አዲሱ ሲሠራ በየቀኑ ይመጣል፤ ማንም ግን አልቀጠረውም። ጣሪያው ተጠናቀቀ በተባለ ቀን የውሃ ጎማ ይዞ ወጣና ውሃ ለቀቀበት። መሀል ላይ ኩሬ ተኛ። አርክቴክቷን ጠርቶ "ዳክዬ ነው የምታረቢበት?" አላት። እሷ ሥራ ተቋራጩን አስነሥታ በሙሉ አስደገመችው። ከዚያ ወዲህ ከጋሼ ቱንቢ ጋር ሳትጨቃጨቅ አንድ ነገር አስጨርሳ አታውቅም፤ እሱም ሳይሳደብ አንድ ነገር አላሳለፈላትም።

የመጀመሪያው ቅዳሴ ዕለት ሚስቱ ደረጃ የሌለውን በር አልፋ ከፊት ተቀመጠች። እሱ በሩ አጠገብ ቆሞ ቀረ። ብርሃኑ በዝቶበታል፤ ሁሉም ሰው ይታያል፤ የሥጋ ሻጩ ማዛጋት ሳይቀር። ሕዝቡ "አሜን" አለ፤ ድምፁ ነጩ ጣሪያ ጋ ደረሰና እዚያው ሞተ። ጋሼ ቱንቢ ጥርሱን ነከሰ። ይህን በወረቀት አልሣሉትም፣ ማንም አላሰበውም።

ከዚያ ቃጭሉ ተመታ። ሚስቱ ራሷን አልደፋችም። ቀና ብላ፣ አንገቷን አስግጋ፣ አፏን ትንሽ ከፍታ ታያለች። ዕንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል፣ አልጠረገችውም። እሱ መሠዊያውን አላየም። እሷን ነበር ሲያይ የቆየው።

ሲወጡ አባ በሩ ላይ ጠበቁት። "እንዴት ነው፣ ጋሼ ቱንቢ?"

"ድምፅ ይገድላል" አለ። "አሜን ብለን ሳንጨርስ ያልቃል። ዓመት ሙሉ ሲሣል አንድ ሰው እንኳ አፉን ከፍቶ አልሞከረውም?"

"ምን ይሻላል?"

"እኔን ይጠይቁኛል? ያቺን አርክቴክት ልጅ ይጥሯት። ማክሰኞ። እኔም እመጣለሁ።"

ሚስቱ ክንዱን ያዘችና መንገድ ጀመሩ። እሱ ስለ ጣሪያው ያጉረመርማል፤ መስታወቱን ማን እንደሚወለውለው ይጠይቃል፤ ሰብሳቢውን ይራገማል። እርምጃውም እንደ ቁጣው ፈጠነ።

"እስካሁን ተናደሃል?" አለችው።

"ተናድጃለሁ።"

"ተናደድ። ብቻ ቀስ ብለህ ሂድ፤ ጉልበቴን።"